ጎማው ሲተልቅ፦ ሊማሊሞን ከመውረድዎ በፊት

ከጎንደር ተነስተው ደባርቅን አልፈው ወደ ዛሪማ ወርደው ያውቃሉ? ካላወቁ፣ አንድ ቀን ቤተሰብዎን ይዘው ይውረዱት። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጠዋት ጋቢና ጋቢዎን ተከናንበው ይነሳሉ። ከዚያ ሊማሊሞ ይጀምራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በገደሉ ላይ የተቀረጸው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘና እየተመለሰ፣ እንደገናም እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስድዎታል። ዛሪማ ሲደርሱ ጋቢው ተጥሎ፣ የመኪናው መስኮት ተከፍቶ፣ ልጆቹ ውኃ እየጠየቁ ነው። ደጋና ቆላ በአንድ ጠዋት!

የመንገዱ ሠሪዎች ትተውልን የሄዱት መንገዱን ብቻ አይደለም። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ስኮርታ፣ ፓራፋንጎ፣ ሞላ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችንም በእነዚሁ ቃላት ዙሪያ ነው። በቅርብ ጊዜ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «መኪናዬን ሊፍት ሳላስደርግ፣ ማለትም ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን ሳልነካ፣ ትልቅ ጎማ ብቻ ባስገባ ምን ችግር አለው?»

መልሱን ከራሴ ጥፋት ልጀምርልዎ።

«አባዬ፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

ባለቤቴ የዛሪማ ልጅ ናት። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ እናቷን ልንጠይቅ ተነሳን። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ለፒክአፓችን ትልልቅ ጎማ አስገብቼ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ? ለመንገዱ ብዬ አልነበረም፤ መኪናው ከፍ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ሲቆም ደስ ስለሚል ነው። የገጠመልኝ ባለሙያ መሪውን ግራ ቀኝ አዙሮ «አይነካም፣ በሰላም ንዳው» አለኝ። ከተማ ውስጥም እውነቱን ነበር፤ አንድም ቀን አልነካም።

ሊማሊሞ ላይ ግን አምስት ሰው ተሳፍሯል። ከኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ብርድ ልብስ ተጭኗል። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው እጥፋት ላይ ፍሬን ይዤ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ከፊት ለፊት «ግርርር» የሚል ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ምንድነው የሚጮኸው?» አለች ትንሿ ልጄ። «ጠጠር ነው» አልኳት። በሚቀጥለው እጥፋት እንደገና ጮኸ። ጥቂት እንደወረድን ደግሞ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። የፍሬን ሸራ ነበር።

ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ቆምኩ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብተን፣ ሁሉም ወርዶ፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ሳይ የግራው የፊት ጎማ ጎን ጣት በሚያስገባ ርዝመት ተቧጭሯል። የጭቃ መከላከያው ላስቲክ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከኋላው ያለው ብረት ጎማውን እየላገው ነበር። ከእኔ በስተቀኝ ገደሉ ነው። ልጆቹ ጠርዙ ላይ ቆመው ዝንጀሮ ይቆጥራሉ። እኔ ግን ያ ጎን ቢፈነዳ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል እየቆጠርኩ ነበር።

ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሬኑን አበረድን፤ ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት ወረድን። አማቴ ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «በቅሎ እንኳ ቁልቁለት ላይ ይወረድላታል። እናንተ ጭነት ጨምራችሁባት ትወርዳላችሁ?» በስሜን ተራሮች በበቅሎ የተጓዘ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ዳገቱን ተቀምጠህ ትወጣለህ፣ ቁልቁለቱን በእግርህ ትወርዳለህ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ጥፋቴን የገባኝ ቤት ገብቼ ወረቀትና እርሳስ ስይዝ ነው። እርስዎም ጎማዎ ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ በብዛት የሚገኘው አንዱ መጠን 265/65R17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ተደምሮ ሲሰላ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አሁን ሰዎች የሚመርጧቸውን ትልልቆቹን እንያቸው።

265/70R17 ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፋብሪካው በ27 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ3.4 በመቶ ይበልጣል።

285/65R17 ቁመቱ ከላይኛው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህም በየጎኑ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ብረቱ ይጠጋል ማለት ነው።

285/70R17 ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፋብሪካው በ55 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በ7 በመቶ ይበልጣል። እኔ ያስገባሁት ይህንን ነበር።

ልብ ይበሉ፤ መኪናዎ ከመሬት የሚነሳው በቁመቱ ልዩነት ሙሉ ሳይሆን በግማሹ ነው፤ ግማሹ ከመሐል በላይ ስለሚቀር። ስለዚህ 55 ሚሊ ሜትር ጨምሬ ያገኘሁት 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከአንድ አውራ ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም። የቀረው 27 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ነው የሄደው። ሞላው አልተነሳም፤ ቦታ አልተጨመረም። ሊፍት ሳይደረግ ትልቅ ጎማ ማስገባት ማለት ይኸው ነው፦ ከታች ትንሽ ያገኛሉ፣ ከላይ ያንኑ ያህል ይከፍላሉ።

ጋራዥ ውስጥ የማይነካው ለምን መንገድ ላይ ይነካል?

ጋራዥ ውስጥ መኪናው ባዶ ነው፤ ወለሉም ሜዳ ነው። ሊማሊሞ ላይ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንደኛ ጭነቱ መኪናውን ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋና የፊቱ ሞላ ይጨመቃል። ሦስተኛ እጥፋቱ ጠባብ ስለሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ጎማው ከሁሉም በላይ ቦታ የሚፈልገው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከሁሉም ያነሰ ቦታ ያለውም በዚያችው ቅጽበት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነካባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የጭቃ መከላከያ ላስቲክ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ፣ የፊት መከላከያው ጥግ፣ እንዲሁም ከሁሉም የሚብሰው ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብረት። ፕላስቲክና ላስቲክ ቢነካ ይጮኻል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ብረት ቢነካ ግን የጎማውን ጎን ይልጋል። የጎማ ጎን ደግሞ እንደ ፊቱ ተለጥፎ የሚድን ነገር አይደለም።

ስለ ፍሬኑ ማንም አልነገረኝም

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ድምፁ ሳይሆን ሽታው ነው። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

ጎማው በ7 በመቶ ሲተልቅ ማርሽዎ ሁሉ በዚያው መጠን ይቀላል። አንደኛ ማርሽ እንደ ድሮው አንደኛ አይከብድም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዝልዎ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው። ፍሬኑም ቢሆን ዲስኩ ያው ነው፣ ጎማው ግን ትልቅ ነው። ድሮ 100 እጅ ይይዝ የነበረው ያው የእግር ግፊት አሁን 93 እጅ ገደማ ብቻ ይይዛል። ትልቁ ጎማ በክብደቱም ስለሚበልጥ እሱን ማቆም ራሱ ተጨማሪ ሥራ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት በየእጥፋቱ ትጠራቀምና ሙቀት ትሆናለች። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነና ውኃ ከሳበ ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል።

ዳገቱስ? አየር በሳሳበት ከፍታ ተርቦ የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ሊያሳዩ ልጆችዎን ይዘው ሲወጡ ሞተሩ ቀድሞውንም ደክሟል። በዚያ ላይ ማርሹን የሚያቀል ጎማ ጨምረውበታል። ፍሪሲዮኑም ዕዳውን ይከፍላል።

የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። በእኔ ጎማ 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 107 ነው። ርቀት ቆጣሪውም ወደ ኋላ ይቀራል፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ዘይት ሲቀይሩ በእውነት የተጓዙት 5,350 ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

«ትልቅ ጎማ አታስገቡ» ብዬ አልደመድምም። እኔም አሁን የምነዳው ከፋብሪካው ትንሽ ከፍ ባለ ጎማ ነው። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው መመዘኛ የቁመቱ ልዩነት ከ3 በመቶ ብዙም አይለፍ የሚል ነው። በምሳሌያችን 265/70R17 ድንበሩ ላይ ነው፤ 285/70R17 ግን ድንበሩን ተሻግሯል።

ከፍታ ከፈለጉ ከሰፊው ይልቅ ጠበብ ያለውን ይምረጡ። ገጠር ለገጠር የሚዞሩትን የእርዳታ ድርጅትና የጤና ቢሮ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሮች አስተውለዋል? ብዙዎቹ 7.50R16 የሚባል ቀጭንና ረጅም ጎማ ነው የሚያደርጉት። ለማማር አይደለም፤ ቀጭን ጎማ መሪ ሲታጠፍ ቦታ አይሻማም።

ከሁሉ በፊት ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ የምፈልገው ከፍታ ነው ወይስ መያዝ? ጭቃና ጠጠር ላይ የሚይዘው የጎማው ጥርስ እንጂ ቁመቱ አይደለም። በፋብሪካው መጠን የተሠራ ጥሩ ኦል ቴሬን ጎማ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። ምንም አይነካም፣ ማርሽ አያቀልም፣ ፍሬን አያደክምም።

ትንሽ ከፍ ያለውን ከመረጡ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ይለዩ። የጭቃ መከላከያ ላስቲኩን መቀነስ ወይም ማንሳት፣ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ፕላስቲክ በሙቀት አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋትና በብሎን ማሰር ምንም አይደለም። የሚከተሉትን ግን ባለሙያው «ቀላል ነው» ቢልዎ እንኳ እሺ አይበሉ።

ጋቢናውን ከሻንሲው ጋር የሚያስረውን ብረት ማስቆረጥ። ያ ብረት በአደጋ ጊዜ ቤተሰብዎን የሚይዝ አካል ነው።

በቸርኬው ጀርባ ስፔሰር አስገብቶ ጎማውን ወደ ውጭ ማስወጣት። ከውስጥ እንዳይነካ ያደርጋል፤ ግን ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፣ በኩሽኔታው ላይም ጫና ይጨምራል።

መሪው እስከ መጨረሻ እንዳይዞር ማሳጠር። ከተማ ውስጥ አይታወቅዎትም። ሊማሊሞ ላይ ግን በአንዴ የሚታጠፉትን እጥፋት ወደ ኋላ እየተመለሱ ሊያጥፉት ነው፤ ከኋላዎ ደግሞ ገደልና አይሱዙ አለ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚያደርጉት ሙከራ

አራቱንም ከመግዛትዎ በፊት በሁለቱ የፊት እግሮች ብቻ አስገጥመው እንዲሞክሩ ይጠይቁ። ጎሚስታው ቢያጉረመርምም ይታገሱ፤ ገንዘቡ የእርስዎ ነው።

1. የጎማውን ትከሻና ጎን በጠመኔ ይቀቡት። ጠመኔው የለቀቀበት ቦታ ሁሉ የነካበት ነው።

2. መኪናውን እንደ ጉዞው ቀን ይጫኑት። ቤተሰብዎን ያሳፍሩ፣ ዕቃ ይጫኑ። ባዶ መኪና ምስክር አይሆንም።

3. አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ወይም ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ አውጥተው መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያም ቀኝ ያዙሩ። ወደ ኋላ እየሄዱም ይድገሙት።

4. የፍሬን ቱቦውንና የሽቦዎቹን መስመር በእጅዎ ይፈትሹ። ጎማው ከእነሱ ጋር የመጠጋት ምልክት እንኳ ሊኖረው አይገባም።

5. አምስተኛውን አይርሱ። ስኮርታው ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቦታው ላይ መግባቱንም ያረጋግጡ። የእኔ ትልቁ ጎማ ከሥር ካለው ቦታ አልገባም ነበር፤ በትንሹ ስኮርታ ልሄድ ነበር!

6. የጎማውን የመሸከም አቅም ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ 112 የሚለው አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። አዲሱ ከፋብሪካው ማነስ የለበትም።

7. የተሠራበትን ቀን ይዩ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2323 ካለ በፈረንጆቹ 2023 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው ያረጀ ጎማ ብዙ ነው።

ከገጠሙም በኋላ አላይመንትና ባላንስ ያሠሩ። የኢንሹራንስ ውልዎ ስለ መኪና ለውጥ ምን እንደሚል ይጠይቁ። ለቦሎ ምርመራ ሲሄዱም ጥያቄ እንዳይነሳብዎት ቀድመው ያጣሩ።

የቁልቁለቱ ልማድ

በየትኛውም ጎማ ቢሄዱ የሚያድንዎ ልማዱ ነው። ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሙሉ። ጭቃ ላይ ንፋስ ቀንሰው ከሆነ አስፋልት ከመግባትዎ በፊት መልሰው ይሙሉት። ደባርቅ ላይ ሻይ ሲጠጡ የመንገዱን ሁኔታና ሰላሙን ከሾፌሮች ይጠይቁ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገቡ፤ ከጀመሩ በኋላ አይደለም። አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን ራስዎ ዝቅ አድርገው ይያዙት። ፍሬን ላይ እግርዎን አያሳርፉ፤ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። ሸራው ከሸተተ ቆመው ያበርዱ፤ ውኃ ግን አያፍሱበት። ማንም ዘግይተሃል ብሎ አይወቅስዎትም።

እኔ ትልልቆቹን ጎማዎች ከዛሪማ መልስ ሸጥኳቸው። በኪሳራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በአዲሱ፣ መጠነኛ በሆነው ጎማ ስንወርድ ልጄ ያችኑ እጥፋት አውቃት ጆሮዋን አቆመች። ምንም አልጮኸም። «ዛሬ ጠጠሩ የለም» አለችኝ።

የዚያን ቀን ጠጠር አልነበረም፤ ውሸቴን ነበር። እውነቱን የነገርኳት አማቴ ግቢ ደርሰን፣ ቡናው ሲፈላ ነው።